ደም ሲደርቅ ለምን ቀለሙን ይለውጣል? ከጅማ ላብራቶሪዎች እይታ

ትኩስ ደም ቀይ ነው። ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል፣ ሲሰነብት ደግሞ ጥቁር ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ጅማ ውስጥ ይህን ለውጥ በየቀኑ የሚያየው የላብራቶሪ ባለሙያው ነው፤ ሥጋ ሻጩም ያየዋል። የተሰቀለ ሥጋ የሚጠቁረው ግን ማዮግሎቢን በሚባለው ኦክስጅን ያዥ የጡንቻ ፕሮቲን ነው እንጂ በደም አይደለም፣ ሁለቱ ዘመዳሞች ቢሆኑም።

የደም ቀለም የሚመጣው ከሄሞግሎቢን ነው፣ ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ፕሮቲን። አንዱ ሄሞግሎቢን አራት ሄም ይይዛል፣ በእያንዳንዱ ሄም መሃል አንድ ብረት አለ። ብረቱ ኦክስጅን ሲሸከም ደሙ ይደምቃል፣ ሲያራግፍ ይጠቁራል። ከክንድ በመርፌ የሚቀዳው ጠቆር የሚለው ኦክስጅኑን አራግፎ ስለሚመለስ ነው። በዋግምት የወጣ ደም ጠቁሮ ሲረጋ «ቆሻሻው ወጣልህ» ይባላል። እውነቱን ለመናገር የጤነኛም ሰው ደም ከወጣ በኋላ ከመጥቆር አይድንም።

ደሙ ወጥቶ ሲቆይ ብረቱ አንድ ኤሌክትሮን ያጣና ሜትሄሞግሎቢን ይፈጠራል። እሱ ኦክስጅን መያዝ አይችልም፣ ቀለሙም ቡናማ ነው። ነገሩ ሰውነታችን ውስጥም አለ፤ በየቀኑ ከሄሞግሎቢናችን እስከ 3 በመቶ የሚሆነው እንዲህ ይለወጣል፣ ግን ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ያለው ኢንዛይም ቶሎ ቶሎ ስለሚመልሰው በአንድ ጊዜ የሚገኘው 1 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። የደረቀ ደም ላይ ይህ ጥገና የለም። ቀጥሎ ፕሮቲኑ ራሱ ቅርጹ ይፈርሳል፣ ሄሚክሮም ይሆናል፣ ይበልጥ ይጠቁራል። ውሃውም ስለሚተን የቀረው ቀለም ይወፍራል። የጠብታው ጠርዝ ቀድሞ ይደርቃል። ጅማ ተወልዶ ቡና ጠረጴዛ ላይ ፈስሶ ሲደርቅ ዳሩ ላይ የሚተወውን ቀለበት ያላየ የለም፣ ያም የሚሆነው ፈሳሹ ወደሚተንበት ጠርዝ እየፈሰሰ ቅንጣቶቹን ስለሚወስድ ነው።

በታሪክ በኩል 1864 እ.ኤ.አ. ወሳኝ ዓመት ነው። ጀርመናዊው ሆፐ-ዛይለር ሄሞግሎቢን የሚለውን ስም የሰጠው በዚያ ዓመት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ የደም ቀለም በብርሃን ህብር ላይ ሁለት ጥቁር መስመር እንደሚተው ገልጾ ነበር። በዚያው በ1864 የፊዚክስ ሊቁ ስቶክስ እንግሊዝ ውስጥ ኦክስጅኑ ሲወሰድ ሁለቱ መስመሮች ወደ አንድ እንደሚቀየሩ፣ ከአየር ጋር ሲናወጥ ግን እንደሚመለሱ አሳየ። ሳይንቲስቱ ፔሩትዝ የሄሞግሎቢንን ቅርጽ ፈትቶ፣ የማዮግሎቢንን ቅርጽ ከፈታው ከኬንድሩ ጋር በ1962 ኖቤል ተሸለመ።

ቀለሙን አይቶ ደሙ መቼ እንደፈሰሰ መናገር ይቻላል ወይ የሚለው አከራካሪ ነው። ጣሊያናዊው ቶሜሊኒ በ1907 እ.ኤ.አ. ለዚህ የቀለም ሰንጠረዥ አውጥቶ ነበር። ዛሬ በብርሃን መለኪያ ይሞከራል። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ብርሃንና የፈሰሰበት ነገር ፍጥነቱን ስለሚቀያይሩት ቀኑን በእርግጠኝነት መናገር የሚከብድ ይመስላል። በክረምቱ ዝናብና እርጥበት ጅማ ውስጥ ያለ ጠብታ በደረቅ ቆላ ካለው ጋር እኩል አይሄድም፣ ይህ አያከራክርም።

የጅማ የላብራቶሪ ሙያ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ1983 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፣ በ1952 ከተጀመረው የግብርና ኮሌጅ ጋር በ1999 ተዋህዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ተማሪን ከክፍል አውጥቶ ወደ ማኅበረሰቡ መላክ የዩኒቨርሲቲው መለያ ነው፣ ደግሞም ያስከብረዋል። በጊቤ ዙሪያ ወባ ስላለ የስላይድ ሥራ፣ ማለትም ደምን መስታወት ላይ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ አያልቅም። ወፍራሙ የደም ጠብታ በጠፍጣፋ ቦታ፣ በራሱ ጊዜ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከተጣደ ወይም ቀለም ሳይነከር ብዙ ከቆየ ሄሞግሎቢኑ መስታወቱ ላይ ይጣበቃል፣ ጊምሳ የሚባለው ማቅለሚያ ሲፈስበት ታጥቦ አይወጣም፣ የወባው ጥገኛ ተውሳክም አይታይም። በማጣሪያ ወረቀት የሚወሰድ ናሙናም ከፀሐይ ተጠብቆ ለሰዓታት ይደርቃል፣ እኩል ጠቆር ሲል ነው የሚታሸገው።

ጋውን ላይ የፈሰሰ ደም በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠበው፣ ቶሎ ከሆነ። ሙቅ ውሃ ፕሮቲኑን ያበስለውና ቡናማው ነጠብጣብ ጨርቁ ላይ ይቀራል።