ሙዝ በአሸዋማ መሬት፦ ቆቦና ጊራና ላይ ስለ ውሃው የሚባለውና እውነታው

የሰሜን ወሎዎቹ ወንዞች ጎሊናና አላውሃ ክረምት ሲሞሉ ከደጋው ጠርገው ያመጡትን አሸዋ ሜዳው ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። ወንዝ ዳር ማሳ ያለው ሰው ሙዝ የሚተክለው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። የሚሰማው ምክር ግን ለዋልካ፣ ማለትም ለጥቁር ሸክላማ መሬት የሚሆን ነው።

«ሙዝ ውሃ ወዳጅ ነው፤ ተራህ ሲደርስ አጥለቅልቀው»

መውደዱስ እውነት ነው። በዓመት ከ1200 እስከ 2200 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል፤ የቆቦ ዝናብ ከዚህ በብዙ ያንሳል። ስህተቱ «አጥለቅልቀው» የሚለው ላይ ነው። አሸዋ በአንድ ሜትር ጥልቀት ለተክል የሚሆን ውሃ የሚይዘው 60 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ዋልካ እስከ 200 ይይዛል። የሙዝ ሥር ደግሞ አብዛኛው ከላይ ግማሽ ሜትር ውስጥ ስለሆነ የሚደርስበት 30 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ሲሶው፣ ማለትም 10 ሚሊ ሜትሩ ሲያልቅ ሙዙ መቸገር ይጀምራል። በበጋ ፀሐይ ያደገ ሙዝ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨርሳል። ስለዚህ ውሃ የሚያስፈልገው በየሁለት ቀኑ ነው፤ ሳምንት ተራ ለሚጠብቅ ሰው መራራ ሂሳብ!

በአንድ ቀን 60 ሚሊ ሜትር ቢለቀቅበት ቢያንስ ግማሹ ከሥሩ በታች ያልፋል፤ ሲያልፍም ዩሪያውንና ሙዝ አብዝቶ የሚሻውን ፖታሲየም ይዞ ነው። የመስኖውን ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ተራውን ማሳጠር ካልቻለ፣ የተራውን ውሃ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሰርግ ወፍራም ላስቲክ) በተነጠፈበት ኩሬ አጠራቅሞ ከፋፍሎ ማጠጣት ይሻላል። በሦስት በሁለት ሜትር ርቀት ለተተከለ ለአንድ ሙዝ በየሁለት ቀኑ 60 ሊትር፣ ሦስት ጀሪካን ማለት ነው። ለሁሉም የሚበቃ ካልሆነ የሙዙን ቁጥር መቀነስ ነው፤ ግማሹን አጠጥቶ ግማሹን ማስጠማት አያዋጣም።

«ቅጠሉ ካልጠወለገ አልጠማውም»

የሙዝ ግንድ ውሃ አዝሎ ስለሚቆም ጥማቱን ቶሎ አያሳይም። ቀድሞ የሚታየው የቅጠሉ ሁለት ጎን በመሐል አጥንቱ ግራና ቀኝ ወደ ታች መታጠፉ ነው። ቀትር ላይ ግን የጠገበ ሙዝም ስለሚያጥፍ ማለዳ ነው ማየት። አዲስ ቅጠል መውጣቱ ከዘገየ፣ ዘለላውም ጉሮሮው ላይ ተቀርቅሮ አልወጣ ካለ፣ ጥማቱ ከሰነበተ ቆይቷል። ከሁሉ የሚታመነው ከግንዱ አጠገብ አንድ ስንዝር ቆፍሮ አፈሩን በእጅ መጨበጥ ነው፤ ጭብጡ ሲፈታ ከፈረሰ ውሃ ይፈልጋል።

«ጠብታ መስኖ ከገባ ነገሩ አለቀ»

ቆቦ ላይ ከጉድጓድ ውሃ ጋር የጠብታ መስኖ ከገባ ቆይቷል፤ ጥሩም ነው። ሆኖም አሸዋ ውስጥ ጠብታው ወደ ጎን ሳይሰፋ ቁልቁል ይወርዳል። ለአንድ ሙዝ አንድ ቀዳዳ ከተሰጠው የሚረጥበው የሥሩ ጥቂት ክፍል ነው። ከሁለት እስከ አራት ቀዳዳ ዙሪያውን ማድረግና በአጭር በአጭሩ መልቀቅ ያስፈልጋል። በቦይ የሚያጠጣም ቢሆን ቦዩን ያሳጥር፤ ረጅም ከሆነ ውሃው መነሻው ላይ ሰምጦ ጭራው ይደርቃል።

«ፍግ ለማዳበሪያነት ብቻ ነው»

አሸዋን ውሃ እንዲይዝ የሚያደርገው ፍግና ኮምፖስት ነው። ላዩን በደረቅ የሙዝ ቅጠልና በተቆረጠ ግንድ መጎዝጎዝ ደግሞ ትነቱን ይቀንሳል። ወሎ ላይ ግን ግንዱ የላም መኖ ስለሆነ ይህን መምከር ቀላል፣ ማድረግ ከባድ ነው። ቢያንስ ደረቁ ቅጠል እዚያው ይቅር።

«በክረምት ውሃ አያሻውም»

ዝናቡ አራት አምስት ቀን ካቋረጠ አሸዋ ላይ ያለ ሙዝ ነሐሴም ቢሆን ይጠማል።

«አሸዋ ለሙዝ አይሆንም»

ውሃ የተኛበት መሬት ይብስበታል፤ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ጨፋ ረግረግ ዳር የሚተክል ሰው የሚደክመው ውሃውን በማስወጣት ነው፤ ጎሊና ዳር ያለው ደግሞ በማቆየት። ፍግ፣ ጉዝጓዝና አጭር ተራ ካገኘ ሁለተኛው ይቀለዋል ባይ ነኝ።