ዶነር ፓርክ፦ የሚወራውና እውነታው

ከኦክላንድ ወይም ከሳክራሜንቶ ወደ ሪኖ በኢንተርስቴት 80 አውራ ጎዳና የሚነዳ ሰው ዶነር ሐይቅን አጠገቡ ጥሎት ያልፋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ትራኪ ከተማ ያለው ዶነር ሜሞሪያል ስቴት ፓርክ የሚታወቀው በአንድ ወሬ ነው፦ «ሰው የተበላበት ቦታ»። ወሬው ውሸት አይደለም። ግን ጎዶሎ ነው። ነገሩ የሚያወራው በዶነር ቤተሰብ ስም «ዶነር ፓርቲ» ስለሚባሉት፣ በሰረገላ ወደ ካሊፎርኒያ ሲጓዙ እዚህ በረዶ ስለያዛቸውና ስለተራቡት ሰፋሪዎች ነው። ስለ እነሱ የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«ወርቅ ፍለጋ የወጡ ጀብደኛ ወንዶች ነበሩ።» ወርቁ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1848 ነው። እነዚህ ደግሞ በ1846 እርሻና አዲስ ኑሮ ፈልገው የተነሱ ቤተሰቦች ናቸው። በረዶው ካገታቸው 81 ሰዎች ግማሽ ያህሉ ከ18 ዓመት በታች ነበሩ።

«ሞኝነታቸው ነው የፈጃቸው።» ይሄኛው ያናድደኛል። ላንስፎርድ ሄስቲንግስ የሚባል ሰው አቋራጭ መንገድ አለ ብሎ በመጽሐፍ አሳተመ። ሲጽፍ ግን መንገዱን አልሄደበትም። እነሱም አምነው ገቡበት። ዩታ ውስጥ ዋሳች ተራሮች ላይ ጫካ እየመነጠሩ ቀናት አለቁ፤ የጨው በረሃው ላይ ብዙ በሬዎች ጠፉባቸው። እዚህ ሴራ ኔቫዳ ተራራ ሥር ሲደርሱ በረዶው ቀደማቸው። በ1844 ሌሎች ሰፋሪዎች በዚያው የተራራ መተላለፊያ ሰረገላ አሳልፈዋል፤ ስለዚህ ያጠራቸው ጊዜ ነው።

«ሁሉም ሰው በልቶ፣ ሁሉም አለቀ» የሚለውም ልክ አይደለም። ግማሽ ያህሉ ተርፈዋል። የብሪን ቤተሰብ ዘጠኙም ወጥተዋል። የሰው ሥጋ የተበላው የበሬ ቆዳ ቀቅለው፣ ውሾቻቸውን ጨርሰው ነው፤ በአብዛኛውም ቀድመው የሞቱትን። ከዚህ የሚከብደው የሉዊስና የሳልቫዶር ነገር ነው። ሁለቱ ወጣት የአሜሪካ ነባር ተወላጆች ከካሊፎርኒያ እህል ይዘው ሊረዱ የመጡ ነበሩ። በታኅሣሥ ወር 17 ሰዎች በእግር ተራራውን ሊሻገሩ ሲወጡ ሁለቱም አብረው ነበሩ፤ ከቡድኑ ሌሎች ሁለት ሰዎች ወዲያው ተመለሱ። ሉዊስና ሳልቫዶር መንገድ ላይ ተተኩሶባቸው ተበሉ። ከቀሩት 15 ሰዎች ሰባት ብቻ ደረሱ። አምስቱም ሴቶች ከሰባቱ ውስጥ ናቸው። ጉብኝት ላይ ልጆች ካሉ ይህን ክፍል ቀድማችሁ አስቡበት።

ብዙ ሰው የዶነር ቤተሰብ ሐይቁ ዳር የከረመ ይመስለዋል። የከረሙት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ርቆ አልደር ክሪክ ነው፤ ቦታው ከፓርኩ ውጭ ነው። ሐይቁ አካባቢ የነበሩት እነ ብሪን፣ እነ መርፊና ሌሎች ናቸው። የመርፊዎች ጎጆ እንደ ግድግዳ የተጠቀመበት ትልቅ ቋጥኝ ዛሬም አለ፤ ስም የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ረጅሙ ሐውልት ደግሞ ብሪኖች በነበሩበት ቦታ በ1918 የተመረቀ ነው። መቆሚያው 22 ጫማ፣ ማለትም 6.7 ሜትር ገደማ ነው፤ የዚያን ጊዜ በረዶ ከፍታ ያሳያል ተብሎ ነው የተሠራው። ሥሩ ቆማችሁ ቀና ብላችሁ እዩት።

«ታዲያ ለሐዘን ነው እንዴ የምንሄደው?» ኧረ በጭራሽ። በበጋ ዋና አለ፣ የጥድ ጫካና የግራናይት ድንጋይ አለ። የጎብኚዎች ማዕከሉ ስለ አካባቢው ነባር ሕዝብ ስለ ዋሾዎችና የባቡር ሐዲዱን ስለዘረጉት ቻይናውያንም ይናገራል። በበረዶው ወራት የምትሄዱ ከሆነ ግን የጎማ ሰንሰለት ያዙ፤ መንገዱ ሲብስ ይዘጋል።