«እየለካሽ ነው!» እና ሌሎች በየሳምንቱ የምሰማቸው ስህተቶች

ቤቴ ውስጥ አንድ እባብና አንዲት እንሽላሊት አሉ። እባቡ ቦል ፓይተን የሚባለው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ ነው። ሲፈራ ጭንቅላቱን መሃል ደብቆ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል ስሙን ድቡልቡል ብዬዋለሁ። እንሽላሊቷ ቢርድድ ድራገን ነች። ዝርያዋ ከአውስትራሊያ ነው፤ አገጯ ስር እንደ ጺም የምትነፋው እሾኻማ ቆዳ አላት። እሷ ደግሞ ጮራ ትባላለች።

ሳይንስ እወዳለሁ። ስለ እንስሳት የተሳሳተ ነገር ሲወራ ዝም ማለት አይሆንልኝም። እንግዳ ይመጣል፣ የመስታወት ሳጥኖቹን ያያል፣ ከዚያ በቃሌ የማውቃቸው አስተያየቶች ይጀምራሉ። በሰዎቹ አልቀየምም። አብዛኞቻችን ስለ እባብ ያስተማረን ፍርሃት ነው፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ግን አንዳንዱ ስህተት እንስሳውን ያሳምማል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሰው ይገድላል። ስለዚህ አንድ በአንድ ልመልስ።

«እባብ እርጥብ ነው፣ ያሙለጨልጫል»

ባለፈው ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰው ድቡልቡልን በአንድ ጣቱ ጫፍ ነካውና ጣቱን ወዲያው ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ጣቱን አየው። ምንም የለበትም። እንደገና ነካው፤ በሁለተኛው አልጠረገም። የእባብ ቅርፊት ኬራቲን ነው፣ የኛም ጥፍር የተሠራበት ነገር። ደረቅና ለስላሳ ነው። የሚያሙለጨልጨው የእንቁራሪት ቆዳ ነው፤ እንቁራሪት ደግሞ ከተሳቢ እንስሳት ወገን አይደለችም።

«የሚነድፈው በምላሱ ነው»

ይህን ስህተት ቋንቋችን ራሱ ሳያግዘው አልቀረም። ንብ ትነድፋለች፣ ጊንጥ ይነድፋል፣ እባብም «ነደፈው» እንላለን። ንብና ጊንጥ መርፌያቸው ጭራቸው ላይ ነው። እባብ ጋ ሲደርስ ሰው መርፌውን ይፈልግና ያቺን ሁለት ጫፍ ያላት ምላስ ያገኛል።

እባብ የሚነክሰው በጥርሱ ነው። መርዛም ከሆነም መርዙ የሚገባው በጥርሱ በኩል ነው። ምላሱ ማሽተቻው ነች። አየር ላይና መሬት ላይ ያለውን ጥቃቅን ሽታ ለቅማ ወደ አፉ ታስገባለች፤ ላንቃው ላይ ያለው የጃኮብሰን አካል ደግሞ ያንን ይለያል። ጫፏ ሁለት የሆነውም ለዚሁ ነው፤ ሽታው ከቀኝ ይበረታል ወይስ ከግራ የሚለውን ለማወቅ። ድቡልቡል ክንዴ ላይ ሲሆን ምላሱ ቆዳዬን ነካ ነካ ታደርገዋለች። ከላባ የቀለለች ነች፤ ካላየኋት መንካቷንም አላውቅም።

«ዓይኑ ታወረ እኮ!»

ቆዳውን ሊጥል ሲል የድቡልቡል ዓይን ወተት ጠብ እንደተደረገበት ውሃ ይሆናል፣ ሰማያዊ ይላል። ያየ ሁሉ ያዝንለታል። እባብ የሚከደንና የሚገለጥ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚሸፍነው አንድ ጥርት ያለ ቅርፊት ነው። ያ ቅርፊትም ከሌላው ቆዳ ጋር አብሮ ይለወጣል። በአሮጌውና በአዲሱ መሃል ፈሳሽ ሲገባ ነው የሚደበዝዘው። ከጥቂት ቀን በኋላ ይጠራል፣ ቀጥሎ ቆዳው እንደ ካልሲ ተገልብጦ ይወልቃል።

የወለቀውን ቆዳ ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ አየዋለሁ። የጭንቅላቱ ቦታ ላይ ሁለት ክብ መስታወቶች መኖር አለባቸው። አንዷ ከጎደለች ዓይኑ ላይ ቀርታለች ማለት ነው። ያኔ በጥፍር መላጥ ክልክል ነው። የሳጥኑ እርጥበት ይጨመራል፣ ካልሆነም ሐኪም ያየዋል።

«ደማቸው ቀዝቃዛ ስለሆነ ቀዝቃዛ ቦታ ይወዳሉ»

በጣም የምናደድበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም እንስሳት ይሞቱበታል። «ደመ ቀዝቃዛ» የሚለው ስም አሳሳች ነው። ትርጉሙ ሙቀታቸውን ከውጭ ያገኛሉ ማለት እንጂ ደማቸው ይቀዘቅዛል ማለት አይደለም። ጮራ ጠዋት መብራቷ ሲበራ ጥቁር ግራጫ ሆና ትወጣለች። ድንጋይዋ ላይ ሆዷን ዘርግታ እንደ ቂጣ ትጠፈጠፋለች። ጠቆር ያለ ቆዳ ሙቀት ይስባል፣ ሰፋ ያለ ሰውነት ደግሞ ብዙ ይቀበላል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቀለሟ እየነጣ ይመጣል፣ አፏን ከፈት ታደርጋለች፤ ሞቀኝ ማለቷ ነው። ድንጋዩን ስለካው 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሷ ሰውነት በዚያ ሰዓት 35 እና 36 ዲግሪ ይደርሳል። የኛ 37 ነው። ታዲያ የማንኛችን ደም ነው ቀዝቃዛ?

ካልሞቀች ምግብ አትፈጭም። ሆዷ ውስጥ የገባው ነገር እዚያው ይበላሻል። «አትበላም፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው የመጀመሪያ መልሴ ሁሌም ጥያቄ ነው፦ ስንት ዲግሪ ነው? አብዛኛው ሰው ለክቶ አያውቅም።

«ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ካስቀመጥሻት ይበቃታል»

አንዲት የማውቃት ልጅ ትንሽ እንሽላሊቷን በጫማ ካርቶን ይዛልኝ መጣች። «እግሯ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ። አነሳኋት። የታችኛው መንጋጋዋ በጣቴ ስር እንደ ላስቲክ ለመጥ አለ። የኋላ እግሮቿ ጎብጠዋል። የሸጠላት ሰው መስኮት ይበቃታል ብሏት ነበር፤ እሷም ቃሉን አምና ወራት ሙሉ መስኮት አጠገብ አስቀመጠቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጮራን የመሰሉ ቀን ቀን ፀሐይ የሚሞቁ እንሽላሊቶች ቫይታሚን ዲ3 የሚሠሩት ቆዳቸው ላይ በሚያርፍ አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ነው። ያለዚያ ቫይታሚን ካልሲየም ከምግብ ወደ ደም አይገባም። ሰውነት ደግሞ ካልሲየም የግድ ስለሚያስፈልገው ከአጥንት ላይ ይወስዳል። አጥንቱ እየላሸቀ ይሄዳል። የተለመደው የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያሳልፋል፣ አልትራቫዮሌት ቢን ግን አብዛኛውን ያስቀራል። እንሽላሊቷ ፀሐይ ላይ የተኛች ትመስላለች፤ የሚያስፈልጋት ጨረር ግን አይደርሳትም።

መፍትሔው ይህንን ጨረር የሚሰጥ ልዩ አምፖል ነው። እዚህም ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። አምፖሉ ጨረሩን ጨርሶም መብራቱ ይበራል። ለዓይናችን ምንም አልተለወጠም። አምራቹ እንደሚለው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ መቀየር አለበት። እኔ የገዛሁበትን ቀን አምፖሉ ማቀፊያ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። የልጅቷ እንሽላሊት በሐኪም እርዳታ ተርፋለች። እግሮቿ ግን እንደጎበጡ ቀሩ።

«እየለካሽ ነው፣ ሊውጥሽ!»

ታሪኩን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሴትዮዋ ዘንዶዋ መብላት አቆመ፣ ማታ ማታ አጠገቧ ቀጥ ብሎ ይተኛል። ሐኪሙ «እየለካሽ ነው፣ ሆዱንም ቦታ እያስለቀቀልሽ ነው» አላት ይባላል። ለኔ የተነገረኝ ሁልጊዜ «የጓደኛዬ ጓደኛ» ላይ እንደደረሰ ሆኖ ነው።

ዘንዶ አድብቶ የሚይዝ አዳኝ ነው። ያደባል፣ በቅጽበት ይነክሳል፣ ይጠመጠማል። አጠገቡ ተጋድሞ ቁመት ሲለካ የሚጠብቀው አይጥ የለም። ሰው አጠገብ የሚዘረጋው ሰው ስለሚሞቅ ነው። ድቡልቡል ደግሞ እድገቱን ጨርሶም ከሜትር ተኩል እምብዛም የማያልፍ ዝርያ ነው፤ ምግቡ አይጥ ነው።

መጾሙስ? ቦል ፓይተን ወራት ሳይበላ መቆየት ይችላል። ድቡልቡል ባለፈው ዓመት አራት ወር ተኩል አልቀመሰም። በየሳምንቱ መዘንኩት፤ ክብደቱ እምብዛም አልቀነሰም። ከዚያ አንድ ማታ ምንም እንዳልተፈጠረ በላ። እነዚህ እባቦች በእርጋታ ነው የሚኖሩት። በ2020 አሜሪካ ውስጥ በሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማቆያ፣ ዕድሜዋ 62 ገደማ የተገመተ ቦል ፓይተን ከ15 ዓመት በላይ ወንድ ሳታገኝ 7 እንቁላል ጥላለች። እባብ መግዛት የሚፈልግ ሰው ሲያማክረኝ ይህንን ነው የምነግረው። ልጅህ አድጎ ልጅ ሲወልድም እባቡ ሊኖር ይችላል።

«እስስት የቆመችበትን ቦታ ቀለም ትይዛለች»

አቋሙን የሚቀያይር ሰው «እስስት» ይባላል። እስስቷ ተበድላለች። ቀይ ጨርቅ ላይ ብትቀመጥ ቀይ አትሆንም። ቀለሟን የምትለውጠው ስትቆጣ፣ ተፎካካሪ ስታይ፣ ስትሞቅና ስትበርድ ነው። በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሠራሩን አሳይተዋል። ቆዳዋ ውስጥ ጉዋኒን ከሚባል ነገር የተሠሩ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ። ስትረጋጋ ተጠጋግተው ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ፤ ከቆዳዋ ቢጫ ጋር ሲደመር አረንጓዴ ይሆናል። ስትቆጣ ይራራቃሉ፣ ወደ ቢጫና ቀይ ይሄዳል። ተፎካካሪ ፊት የቆመ ወንድ እስስት የሆዱን በቆዳው ነው የሚያወጣው። መደበቁ ያኔ ይቀራል።

«ኤሊ ከቤቷ ወጥታ ትገባለች»

አትወጣም። ቤቷ የምንለው ድንጋይ የጎድን አጥንቷና የጀርባ አጥንቷ ነው። ስትነካም ይሰማታል።

«ትንሽ ሳጥን ውስጥ ከተቀመጠች ትንሽ ሆና ትቀራለች»

ማደጓን አታቆምም። ትታመማለች እንጂ።

«ይቺ እኮ ዳይኖሰር ነች!»

ልጆች ጮራን ሲያዩ በደስታ የሚጮሁት ይህንን ነው፣ ደስታቸውንም ማጥፋት አልወድም። ግን እነግራቸዋለሁ። ዳይኖሰር ማየት ከፈለጋችሁ ዶሮ እዩ። ወፎች የዳይኖሰር ዘር ናቸው። አዞም ቢሆን ከእንሽላሊት ይልቅ ለወፍ ይቀርባል። ይህን የሰማች አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አሰበችና «ታዲያ እንቁላል ስበላ...» አለች። በጣም ወደድኳት።

«እጇን ታወዛውዛለች፣ ሰላም እያለችሽ ነው»

ጮራ አንዳንዴ አንድ እጇን አንስታ ቀስ ብላ ታዞራለች። ያምራል። በነሱ ቋንቋ ግን «አልጣላህም፣ ተውኝ» ማለት ነው። ሰው ፊቷ ተደፍቶ ሲያያት ብታደርገው ራቅ በሉላት። ትወደኛለች ወይ ለሚለው ጥያቄ፦ ከፊቴ አትሸሽም፣ ከእጄ ትበላለች። ይህ ይበቃኛል።

«አንዱን ከገደልሽ ጓደኛው ይበቀላል»

እባብ ቂም አይዝም። የዚህ ወሬ ምንጭ ሊሆን የሚችል አንድ እውነት ግን አለ። በመራቢያ ወቅት ወንዱ ሴቷ የተወችውን ሽታ ተከትሎ ይሄዳል። አንዱ በተገደለበት ቦታ ሌላ ሲመጣ ያየ ሰው በቀል መስሎት ቢሆን አይገርመኝም።

«የቤት ውስጥ ስለሆኑ ንጹህ ናቸው»

ይህ የኛ የባለቤቶቹ ስህተት ነው። ጤነኛ የሚመስል እንሽላሊት፣ እባብ ወይም ኤሊ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። አሜሪካ በ1975 ድንጋያቸው ከ10 ሴንቲሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለችው ልጆች ስለታመሙ ነው። እኔ ቤት ሕጉ አጭር ነው። ነክቶ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ወጥ ቤት የሚገባ የለም። የውሃ ሳህናቸውም የኛ ዕቃ በሚታጠብበት አይታጠብም። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ያያል እንጂ አይነካም።

«መርዙን ምጠጪው፣ ቁረጪው፣ እሰሪው»

እባብ ስላለኝ ሰው ሲነደፍ ለኔ ይደውላሉ። ስለዚህ መልሱን እዚህ ልጻፈው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ ንክሻ ይሞታል። መምጠጥ መርዙን አያወጣም። መቁረጥ ደም ያፈሳል፣ ቁስሉን ያመረቅዛል። ጠበቅ አድርጎ ማሰር እግርን እስከማስቆረጥ ይደርሳል። መርዝ ይስባል የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ ሰዓት ያባክናል። እባቡን ለመያዝ መሞከር ደግሞ ሁለተኛ ተጎጂ ይጨምራል።

ከእባቡ ራቁ። ቀለበት፣ አምባር፣ ጫማ ከማበጡ በፊት አውልቁ። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ ደግፋችሁ ያዙት፤ ሰውየው በእግሩ አይሂድ። የተነደፈበትን ሰዓት ጻፉ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል። እኔ ጋ የምትደውሉት መኪናው ከተነሳ በኋላ ይሁን።