“ስሚዝ” ምንድን ነው? የሙያ መለያ እንጂ የአንድ ዘር ስም አይደለም

ሰሞኑን አንዱ ደግሞ ተነስቶ “ስሚዝ የሚባሉ ሁሉ የአንድ ጥንታዊ እንግሊዛዊ ብረት ሠሪ ዘሮች ናቸው፣ የጋራ አርማም (ጋሻ ላይ የሚሳለው የባላባት ምልክት) አላቸው” እያለ በሙሉ ልብ ሲያስረዳ ሰማሁና አሁንስ ዝም ማለት አልቻልኩም። ይሄን ወሬ ሰው እየተቀባበለ ያወራዋል፣ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ስሚዝ የሚለው የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም ብረት ሠሪ ማለት መሆኑ ልክ ነው፣ እሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ስህተቱ ያለው “የአንድ” የሚለው ላይ ነው።

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ተራው ሰው የነበረው አንድ ስም ብቻ ነው። ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ዊሊያም፣ ሮበርት፣ ጆን የሚሉ ጥቂት ስሞች አገሩን አጥለቀለቁትና በአንድ መንደር ስንት ጆን ተገኘ፣ ስለዚህ መለያ ተጨመረ፣ ብረት ሠሪው ጆን፣ ወንዝ ዳር ያለው ጆን፣ የሮበርት ልጅ ጆን፣ ቀዩ ጆን። መለያው መጀመሪያ የሰውየው ብቻ ነው፣ ሲሞት አብሮት ያልቃል። ለልጅ ማውረስ የጀመሩት ርስት ያላቸው የኖርማን ባላባቶች ናቸው፣ ተራው ሕዝብ ጋ ግን በአብዛኛው በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ቀስ እያለ ነው የገባው፣ ደቡቡ ቀድሞ ሰሜኑ ዘግይቶ። በ1379 የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ ላይ ስሙ አንድ ሙያ ሆኖ የሚሠራው ሌላ የሆነ ሰው ታገኛላችሁ፣ ያኔ ነው ስሙ መወረስ መጀመሩ የሚታወቀው።

እስቲ በኛ ሰፈር አስቡት። በየሰፈሩ “ባለሱቁ” የሚባል ሰው አለ አይደል? “ባለሱቁ ጋ ሂድና ስኳር አምጣ” ሲባል ልጁ የት እንደሚሄድ ያውቃል። አሁን ቀበሌው መዝገብ ይዞ መጣና የሰውየውን ልጆች በሙሉ “ባለሱቁ” በሚል ስም ጻፋቸው እንበል። የልጅ ልጁ ሹፌር ሆነ፣ ስሙ ግን ባለሱቁ ነው። ሱቁ ውስጥ ተቀጥሮ ያደገው ልጅም በዚያው ስም ተመዘገበ፣ ደሙ ሌላ ነው ግን ስሙን ያዘ። ይሄ ነገር ጎንደርም፣ ደሴም፣ ጅማም፣ በየከተማው በየሰፈሩ ለየብቻው ተደረገ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ። ከ700 ዓመት በኋላ አንድ ሰው መጥቶ “ባለሱቁ የሚባሉ ሁሉ አያታቸው አንድ ነው” ቢላችሁ ታምኑታላችሁ? መርካቶ ደግሞ አስቡ፣ እዛ ሁሉም ባለሱቅ ስለሆነ “ባለሱቁ” ማንንም አይለይም፣ ባለቆርቆሮው ባለምንጣፉ ካልተባለ በስተቀር። እንግሊዝም ልክ እንደዛው ነው፣ የብረትና የብረታ ብረት ሠሪ በሚበዛበት ቦታ አሮውስሚዝ (የፍላጻ ጫፍ የሚሠራው)፣ ኔይስሚዝ (ቢላ የሚሠራው)፣ ጎልድስሚዝ (ወርቅ የሚሠራው) የሚሉ ተለይተው ወጡ። ተራው ስሚዝ ይሄን ያህል የበዛው አንድ መንደር ውስጥ አንድ ሁለት ብቻ ስለነበረና መንደሩ ብዙ ስለነበረ ነው። ያ ሰውዬ ግን ብዛቱን አይቶ “ትልቅ ቤተሰብ” አለው።

ይሄን በደምም ማየት ተችሏል። ስም ከአባት ወደ ልጅ ይሄዳል፣ ዋይ ክሮሞዞም የሚባለው ወንዶች ብቻ የሚይዙት የዘር ቅንጣትም ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይሄዳል፣ ስለዚህ ሁለቱን ማስተያየት ይቻላል። በ2000 የኦክስፎርዱ የዘረመል ተመራማሪ ብራያን ሳይክስ እንደሱ “ሳይክስ” የሚባሉ 48 ወንዶችን አስመርምሮ ግማሽ የሚጠጉት አንድ ዓይነት ዋይ ክሮሞዞም ይዘው ተገኙ። በኋላ በ2009 የሌስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ 40 ስሞችን ወስደው ሲያዩ፣ እንደ አተንቦሮ ያለ ብርቅ ስም የያዙት አብዛኞቹ አንድ ግንድ ላይ ይገናኛሉ፣ ስሚዞቹ ግን ከመንገድ ላይ ዝም ብለህ ከሰበሰብካቸው ወንዶች ብዙም አይለዩም። ስለዚህ “ስም ስለ ዘር ምንም አይናገርም” ማለትም ስህተት ነው፣ ስሙ ብርቅ ከሆነ ይናገራል።

ብርቅ ስም ላይም ቢሆን ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጉዲፈቻ አለ፣ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ አለ፣ ርስት ለመውረስ ብሎ የሚስቱን ወገን ስም የያዘ ባል አለ። ንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊን ውሰዱ፣ አጽሙ በ2012 ሌስተር ውስጥ ከመኪና ማቆሚያ ሥር ወጣ፣ በ2014 ውጤቱ ሲታይ በወረቀት በወንድ መስመር ይዛመዱታል ከተባሉት በሕይወት ካሉ ሰዎች ጋር ዋይ ክሮሞዞሙ አልገጠመም። የነገሥታት የዘር ሐረግ ላይ እንዲህ ከሆነ የገበሬው ላይ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ደግሞ አስር ትውልድ ወደ ኋላ ብትሄዱ የቅድመ አያት ቦታው 1,024 ነው፣ ስማችሁ የመጣው ግን ከአንዱ ብቻ ነው።

አርማውን በተመለከተ አጭር ነው፦ እንግሊዝ ውስጥ አርማ የሚሰጠው ለሰው ነው፣ የሚወርሱትም የዚያ ሰው ሕጋዊ የወንድ መስመር ዘሮች ናቸው። ከ1484 ጀምሮ ይሄን የሚይዘው ኮሌጅ ኦፍ አርምስ ራሱ የስም አርማ የሚባል ነገር የለም ይላል። “የስሚዝ ቤተሰብ አርማ” ተብሎ ኩባያ ላይ ታትሞ ለሚሸጠው ብር አታውጡ። ስሚዝን ስማይዝ ብሎ የሚጽፈው ባላባት ነው የሚባለውም መሠረት የለውም፣ ድሮ የፊደል አጻጻፍ አልረጋም ነበር፣ ጸሐፊው እንደመጣለት ነው የጻፈው።

አሜሪካ ስትሄዱ ደግሞ ይባስ ይደባለቃል። በ2010 ቆጠራ ስሚዝ የሚባሉት ወደ 2.4 ሚሊዮን ነበሩ፣ ከአምስቱ ከአንድ የሚበልጠው ጥቁር ነው፣ ሽሚት (በጀርመንኛ ያው ብረት ሠሪ) የነበሩ ጀርመኖችም ስሚዝ ሆነዋል። ስም መቀየር ነውር ሆኖ አያውቅም፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ራሱ በ1917 የጀርመኑን ስም ጥሎ ዊንድሰር ተብሏል። ውጪ ያለው ሐበሻም አሁን እዚሁ መንገድ ላይ ነው፣ ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲለው የአባቱን ወይ የአያቱን ይሞላል፣ እዛ የተወለዱት ልጆቹ ያንኑ ይይዛሉ፣ በቃ ስሙ ረጋ። ዋሽንግተን ያሉ ሁለት “ተስፋዬ” ቤተሰቦች ዘመድ እንዳልሆኑ እኛ እናውቃለን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ግን አንድ ቀን አንዱ አዋቂ ያዛምዳቸዋል።

የእንግሊዝ ስም በእውነት መከታተል የሚፈልግ ሰው ከራሱ ጀምሮ በሰነድ ወደ ኋላ ይሂድ። የመንግሥት የልደትና የሞት ምዝገባ ከ1837 ጀምሮ አለ፣ ከዛ በፊት ደግሞ በ1538 የተጀመረው የደብር መዝገብ ነው። ስሙ ስሚዝ ከሆነ ደብሩን ይያዝ፣ ስሙ ብቻውን የትም አያደርሰውም። በአንድ ደብር በተቀራረበ ጊዜ ሁለት ጆን ስሚዝ ተጠምቀው ካገኘና የእናት ስም ወይ የአባት ሙያ ወይ ኑዛዜ ካልለያቸው እዛው ማቆም አለበት፣ ከዛ በኋላ የሚቆጥረው የሌላ ሰው አያት ሊሆን ይችላል።