ማሽላ እያረረ የሚስቀው የት ነው?

ሰሞኑን ድሬዳዋ አቅራቢያ ለገበሬዎች በተሰጠ ሥልጠና ላይ አንድ ባለሙያ ማይክ ይዞ፣ «የእኛ ገበሬ ማለት ማሽላ ነው፤ እያረረ ይስቃል!» አለ። ተጨበጨበለት። ሙገሳ መስሎታል።

የምጣዱን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል፦ ማሽላ ሲቆላ እያረረ ይፈነዳል፣ ነጩ ውስጡ ሲገለጥ ጥርሱን ገልጦ የሚስቅ ይመስላል። እኔ ግን አባባሉ የተወለደው ማድ ቤት ሳይሆን ማሳ ላይ ነው ባይ ነኝ። ያውም በእኛው በሐረርጌ። ማስረጃ አምጣ ብትሉኝ የለኝም፤ ቢሆንም ስሙኝ። የምጣዱ ደጋፊዎች «ፈንዲሻ የሚባል የሐረርጌ ማሽላ እያለ!» ይሉኛል። አለ፤ ሙይራ የሚባል ሌላ የሐረርጌ ማሽላም አለ፣ እሱን ግን አያነሱትም።

እኛ ጋ ማሽላ የሚዘራው በበልጉ ዝናብ፣ ሚያዝያ ግድም ነው። የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። በልጉ አልቆ ክረምቱ እስኪገባ ድረስ፣ ሰኔ ላይ ሰማዩ ጭጭ የሚልበት ጊዜ አለ። በቆሎ ያኔ ቶሎ እጅ ይሰጣል። ማሽላ ግን ቅጠሉን ይጠቀልላል፣ እድገቱን ገታ አድርጎ ይጠብቃል። ዝናቡ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ከመኪና መስኮት ለሚያየው ሰው ማሳው አረንጓዴ ነው፣ ምንም አልሆነም። ውስጡ ግን አሯል።

ልጆች ሆነን ሐረር ዙሪያ አጎቴ ማሳ የምንሄደው ለጥንቅሽ ነበር። ልጣጩን በጥርሳችን እየገፈፍን፣ ከንፈራችን እስኪቆረጥ እናኝካለን። አጎቴ ግን ጥንቅሹን ከመቁረጡ በፊት ቅጠሉን ያያል። በማለዳ ነው የሚያየው። ቀትር ላይ የተጠቀለለ ቅጠል አያስደነግጠውም፣ ሲመሽ ይዘረጋላ። ጎህ ሲቀድ አሁንም ተጠቅልሎ ካገኘው ግን ፊቱ ይጠቁራል። በኋላ የልማት ሠራተኞችም ይህንኑ ሲመክሩ ሰምቻለሁ። በመደዳው መሃል ቦይ አውጡ፣ ቦዩንም እዚህም እዚያም በአፈር ዝጉት፣ የዘነበችው እንዳትሸሽ ይላሉ። ጥሩ ምክር ነው። ዛላ ሲያወጣ የጠማው ማሽላ ደግሞ ቁመናው ያምራል፣ ሲወቃ ግን ገለባ ነው።

እንግዲህ ይሄ ነገር ምኑ ነው የሚጨበጨብለት? አባባሉ የሚነገረው ጉዳቱን በጥርሱ ለሸፈነ ሰው ነው፣ ጠጋ ብላችሁ እዩት ለማለት። ጠጋ ብሎ ማየት ደግሞ የዚያ ባለሙያ ሥራ ነበር።

ፌስቡክማ የባሰ ነው። ሰርግ ላይ ጥርሱን ገልጦ ፎቶ የተነሳ ሁሉ ከሥሩ ይህችኑ ይጽፋል። ወንድሜ፣ ያረረብህ ነገር ከሌለ ዝም ብለህ ሳቅ።