ወፏ ፍሬውን በላች፤ ዘሩስ የት ወደቀ?

ሾላ ሲበስል፣ ጥድ ሲያፈራ ወፍ ይሰፍርበታል። ዛፉ ከዚህ ምን ያተርፋል? በዚህ ላይ ከሚባለው አንዳንዱ ስህተት ነው፤ አንዳንዱም እውነት ሆኖ ከልክ በላይ ተጋኗል።

«ፍሬ የሚበላ ወፍ ዘር ያጠፋል»

ማሽላውን ከግሪሳ ሲጠብቅ የከረመ ገበሬ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ግሪሳ ግን የሚበላው ዘሩን ራሱን ነው። ፍሬ በል ወፎች የሚፈልጉት ዘሩን የሸፈነውን ሥጋ ነው። በደጋ ደኖቻችን የምትኖረውን ሶሪት እንውሰድ። አረንጓዴ ናት፤ ስትበር ክንፏ ደማቅ ቀይ ይሆናል (ቀይ ቀለሙ መዳብ ያለበት ነው፤ በወፎች ዘንድ ብርቅ ነው)። የጥዱንም የሾላውንም ፍሬ ሙሉውን ትውጣለች፤ ሥጋው ይፈጫል፣ ዘሩ ከኩሷ ጋር ይወጣል። ያኔ እሷ ሌላ ዛፍ ላይ ናት።

ሁሉም ፍሬ በል ግን እንደ ሶሪት አይደለም። ቢጫ ራስ ያላት የአገራችን በቀቀን ዘሩን በምንቃሯ ሰብራ ትበላለች። የአረንጓዴ ርግብ ወገኖችም የሾላን ጥቃቅን ዘር በጡንቻማ ሆዳቸው ይፈጩታል። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዷ ዘሪ፣ ሌላዋ አጥፊ ልትሆን ትችላለች።

ዘሪ የምንላቸውም ቢሆኑ ብዙ ያባክናሉ። ሆርንቢል የተባለችው፣ ምንቃሯ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተደፋላት ትልቅ የደን ወፍ፣ እንቁላል ለመጣል የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ በጭቃ ትታሸጋለች። ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ይቀራታል። ወንዱ በጉሮሮው ፍሬ እየተሸከመ በዚያች ቀዳዳ ከሦስት ወር በላይ ይቀልባታል። ከጎጆው ሥር የሚከመረው ዘር እርስ በርሱ ይሻማል፣ አብዛኛውም አይደርስም። ለዛፉ የሚበጀው ወፉ በየመንገዱ የጣለው ነው።

«ዘሩ በወፍ ሆድ ካላለፈ አይበቅልም»

ይህን ያስፋፋው የሞሪሸስ ደሴት ታሪክ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ስታንሊ ቴምፕል የተባለ አሜሪካዊ የወፍ ተመራማሪ፣ ታምባላኮክ የሚባለው የደሴቷ ዛፍ እየጠፋ ያለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጠፋው፣ ዶዶ የተባለ መብረር የማይችል ትልቅ ወፍ ዘሩን ስለማይውጥለት ነው አለ። ለማረጋገጥ 17 ዘሮችን ቱርክ ለሚባለው ትልቅ ዶሮ አጎረሰ። ሰባቱ ተሰበሩ፤ ከተረፉት አሥሩ ሦስቱ በቀሉ። ታሪኩ እጅግ ስለሚያምር ዓለም ተቀባበለው። ችግሩ፣ ያልተዋጠ ዘር አብሮ ዘርቶ አላነጻጸረም። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ዘሩ ያለ አንዳች ወፍ እንደበቀለ ተመዝግቦ ነበር። ዶዶ ከጠፋ በኋላ የበቀሉ ዛፎችም ተገኝተዋል።

ይህ ለአገራችን የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች አዲስ ነገር አይደለም። ወይራ ለማብቀል ሥጋውን ያጥባሉ፣ ጠንካራውን ቅርፊት ሰበር ያደርጋሉ፤ ወፍ አይጠሩም። የወፏ ዋና ውለታ ሥጋውን ማንሳቷና ዘሩን ከእናቱ ሥር ማራቋ ነው። እናት ዛፍ ሥር ጥላ አለ፤ ዘር የሚበሉ ነፍሳትና ሻጋታም የሚሰበሰቡት ዘር በበዛበት ነው።

«ፍሬ ለበላ ሁሉ የተሰናዳ ነው»

የሚጥሚጣን ነገር ልብ ይሏል። የበርበሬ ወገን የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ እኛን የሚያቃጥለን ቅመም ግን ወፍን አያቃጥላትም። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሪዞና ጥናት እንዳሳየው፣ የዱር በርበሬ ዘር በወፍ ሆድ አልፎ ይበቅላል፤ የማያቃጥለውን ዝርያ የበሉ አይጦች ያወጡት ዘር ግን አንድም አልበቀለም። ማቃጠሉ የማይፈለገውን እንግዳ ይመልሳል ማለት ነው።

«ወፍ ካለ ደኑ ራሱን ይመልሳል»

ይህኛው በተግባር የሚጎዳ ስህተት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች በእርሻና በግጦሽ መካከል ተበታትነው ይታያሉ። ወፎች ከደኑ ወጥተው ይበራሉ፤ ኩሳቸውን የሚጥሉት ግን በአብዛኛው ማረፊያ ባገኙበት ነው። ማሳ መሃል የቀረች አንዲት ዋንዛ ሥር የብዙ ዓይነት ዘር ይወርዳል፤ ዛፍ በሌለበት ገላጣ ሜዳ የሚደርሰው ጥቂት ነው። የደረሰውንም ከብት ይረግጠዋል ወይም ይግጠዋል። ከዚህም ሌላ አብዛኞቹ የደጋ ዛፎቻችን ዘራቸው አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ጊዜ አይጠብቅም። የዘንድሮው ዘር ዘንድሮ ካልበቀለ አለቀ፤ ሌላ ፍሬ፣ ሌላ ወፍ ያስፈልጋል።

በትግራይ ከከብት በተከለሉ ተራሮች ላይ የወይራ ቡቃያ የሚገኘው በአብዛኛው ቁጥቋጦ ሥር ነው፤ ወፏ እዚያ አርፋለች፣ ቁጥቋጦውም ለቡቃያው ጥላና ከለላ ሆኗል። እንግዲህ ቁጥቋጦውን መንጥሮ በረድፍ ችግኝ መትከል፣ ለእኔ ወፏ በነፃ የሠራችውን አፍርሶ በገንዘብ መጀመር ነው።

ጥርኝም ፍሬ ይበላል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ እየተመላለሰ ስለሚጸዳዳ ዘሩን በአንድ ክምር ያጉረዋል። ወፍን አይተካም።

«ወፍ የዘራው ሁሉ በጎ ነው»

ወፍ ለማን እንደምትዘራ አትመርጥም። ተቀጽላ ዛፍ ላይ የሚወጣው፣ ሙጫ የመሰለውን ዘሩን ወፎች ቅርንጫፍ ላይ ስለሚለጥፉት ነው። ከአሜሪካ የመጣው የወፍ ቆሎም ጥቁር ፍሬውን ወፎች እየበሉ በየግጦሹና በየአጥሩ ሥር ይበትኑታል፤ ቅጠሉ ለከብት መርዝ ነው። እሱን መንቀል የሚያዋጣው ፍሬው ሳይበስል ነው። ከበሰለ በኋላ የሚነቅል ሰው ወፎቹ ቀድመውታል።