«ጅብ ወለደች»፦ ፀሐይና ዝናብ አብረው ሲመጡ

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ። አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይዋ ዓይን እየወጋች ሳለ ዝናቡ ድንገት ጠብ ጠብ አለ። በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት ፕላስቲካቸውን ጎትተው ጆንያውን ሸፈኑ። እኔም ካንድ ሱቅ ቆርቆሮ ሥር ተጠጋሁ። ልጆቹ ግን ጭራሽ ወደ ሜዳው ወጡ። «ጅብ ወለደች! ጅብ ወለደች!» እያሉ ይዘላሉ። ከመሃላቸው አንዱ ትንሽዬ ቆም አለና፦

«እማማ፣ ስንት ወለደች?»

«ሂድና ቁጠራት!» አሉት፣ ዓይናቸውን ከበርበሬው ሳያነሱ።

እኔም ሥራ ፈት ነኝና ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

አባባሉ ራሱ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ፀሐይ ወጥታ እያለ ሲዘንብ «ጅብ ወለደች» ይባላል፤ አለቀ። ምክርም፣ ተግሣጽም የለበትም። እኛ ቤት ግን ሌላም አገልግሎት ነበረው። ልጅ ሆኜ ለቅሶዬን ሳልጨርስ አንድ ነገር ካሳቀኝ፣ እናቴ «ይኸው፣ ጅብ ወለደች» ትለኝ ነበር። እንባዬ ዝናቡ፣ ጥርሴ ፀሐዩ መሆኑ ነው።

የሚገርመኝ ጅቧ እዚህ ምን ልታደርግ መጣች የሚለው ነው። በተረትና ምሳሌያችን ጅብ መልካም ስም ኖሮት አያውቅም። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ስንል አስመሳይ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ስንል አስፈሪ ነው። በተረቱ ውስጥም አያ ጅቦ ሆዳም ነው፣ ሞኝ ነው፣ ሁልጊዜም ወንድ ነው። እዚህች ላይ ግን ሴት ሆነች። እናት ሆነች። ልጆችም ሊሸሿት ሳይሆን ሊጨፍሩላት ይወጣሉ።

እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ከማይታይ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ላምና ፍየል ስትወልድ ያላየ የገጠር ልጅ የለም። ጅብ ስትወልድ ያየ ግን ከየት ይመጣል? ጉድጓዷ ውስጥ፣ ወይም ጉድጓዷ አፍ ላይ፣ ለብቻዋ ናት። በዚያ ላይ «ጅብ ወንድም ሴትም ነው» የሚል የቆየ ወሬ አለ። ፀሐይ ይሁን ዝናብ ያልለየለትን ሰዓት፣ ወንድ ትሁን ሴት ካልለየላት አውሬ ጋር ማገናኘት ያምራል።

ወሬው ደግሞ ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። የባለ ነጠብጣቡ ጅብ ሴቷ፣ የወንድ የሚመስል ብልት አላት። የምትሸናውም፣ የምትወልደውም በዚያው ነው። በአካል ከወንዱ ትገዝፋለች፤ በመንጋውም ውስጥ አዛዧ እሷ ናት። ምጧ ግን ክፉ ነው። በተለይ የበኩር ልጆች ብዙ ጊዜ ሳይተርፉ ይቀራሉ። 110 ቀን ገደማ አርግዛ የምትወልዳቸው ልጆች ዓይናቸውን ገልጠው፣ ጥርስ አብቅለው ነው የሚመጡት። የውሻ ቡችላ እኮ ዓይኑን ለመግለጥ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ስንት ትወልዳለች ላለው ልጅ ደግሞ መልሱ፦ ብዙውን ጊዜ ሁለት። ወቅትም አትመርጥም፣ ዓመቱን ሙሉ ትወልዳለች። ስለዚህ ፀሐይና ዝናብ በተገናኙ ቀን አንዲት ጅብ የሆነ ቦታ ወልዳ ይሆናል። አባባሉን ውሸት ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል።

ወደ ሰማዩ እንምጣ። ፀሐይ ዘመም ስትል ጨረሯ በጎን ስለሚገባ፣ ትንሽ ደመና አናታችን ላይ ቢቆምም አይከልላትም። ጠብታዋም ባንድ ጊዜ ዱብ አትልም። 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጠብታ በሰከንድ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ትወርዳለች። ከ1,500 ሜትር ከፍታ ከተነሣች መሬት እስክትደርስ 4 ደቂቃ ያህል ነው። ላይና ታች ያለው ነፋስ እኩል አይነፍስም። ስለዚህ እሷ እስክትደርስ ደመናዋ ወይ ሌላ ቦታ ሄዷል፣ ወይ ሳስቶ ጠፍቷል።

ያን ቀን የማርያም መቀነትም ወጥታ ነበር፤ በአዝዋ ገደል በኩል ዝቅ ብላ። መቀነቷን የሚያይ ሰው ጀርባውን ለፀሐይ መስጠት አለበት። ፀሐይ ከአድማስ ከ42 ዲግሪ በላይ ከወጣች ደግሞ ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው መቀነቷ አትታይም። ለዚህ ነው ቀትር ላይ የማናገኛት። ከፍታ ላይ ላለ ሰው ግን ነገሩ ይለያል። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። አንድ ጊዜ በሐረጎ ቁልቁለት ወደዚያ ስንወርድ መቀነቷን ከመንገዱ በታች፣ ሸለቆው ላይ ተዘርግታ አየናት። የሚኒባሱ ረዳት ሒሳብ መሰብሰቡን ትቶ አንገቱን በመስኮት አወጣ። እስክንርቃት ድረስ መልስ የጠየቀው የለም።

ሌላውም ዓለም ለዚህ ሰዓት አውሬ አላጣም። ጃፓኖች «የቀበሮ ሠርግ» ይሉታል። ኮሪያ ውስጥ የሚያገባው ነብር ነው፤ ዙሉዎች ዘንድ ደግሞ ጦጣ። እኛ ሠርጉን ዘልለን በቀጥታ አራስ ቤት ገባን። ትግርኛ ተናጋሪዎችም፣ የኬንያ ኪኩዩዎችም እንደኛው ጅቧን ያስወልዷታል።

በሚቀጥለው ሰኞ ገበያ ስወጣ ያን ልጅ እዚያው በርበሬው አጠገብ አገኘሁት። «ሁለት ነው እኮ የምትወልደው» አልኩት፣ ደስ እያለኝ። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። አንድም ደመና የለም።

«ዛሬ አልወለደችም» ብሎኝ ሮጠ።